እምቢ ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር

ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «የሐዋሳ ሐይቅ»። የአማርኛው መምህር ጠመኔያቸውን አስቀምጠው በዴስኮቹ መካከል እየተመላለሱ፣ ተማሪዎቹ የጻፉትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ ያዛሉ። ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡት ልጆች ተራ በተራ ይነሣሉ። «ውኃ ሕይወት ነው፤» ይላል አንዱ። «የሐዋሳ ሐይቅ ለከተማችን ብዙ ጥቅም አለው፤» ትላለች ቀጥላ የተነሣችው። ሦስተኛው «ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ከመጻፌ በፊት የሐይቅን ምንነት ልግለጽ» ብሎ ይጀምራል።

መምህሩ አላረሙም፤ አላመሰገኑምም። ወደ ክፍሉ ዞረው ጠየቁ፤ «ይህን እምቢ የሚል አለ?»

እጁን ያነሣ የለም። ውኃ ሕይወት መሆኑን ማን ይክዳል?

«እንግዲያው ሁላችንም የምናውቀውን ለማን ነው የምትነግሩት?»

ቡሹሎ የሐዋሳ ከተማ ጠርዝ ናት። ከመሀል ከተማው አስፋልትና ከሆቴሎቹ ግርግር ወጣ ሲሉ ባጃጁ አቧራ እያስነሣ በባሕር ዛፍና በእንሰት ጓሮዎች መካከል ይገባል። የአካባቢውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጤና ተቋም ነው። ሐይቁ ሩቅ አይደለም። እዚህ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ሐይቁን ከመጽሐፍ አላገኙትም። አባቱ መረብ የሚጥል አለ፤ እናቷ ዓሣ የምትሸጥ አለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ማሳቸውን የሚጠርግባቸው አሉ። በዕረፍት ሰዓት ስለ ሐይቁ ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ ዓሣው ለምን እንዳነሰ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ምን መደረግ እንዳለበት የማያባራ ክርክር ይሰማል። እስክሪብቶ ሲያነሡ ያ ሁሉ ይጠፋና «ውኃ ሕይወት ነው» ይቀራል።

የዚህ ዘገባ ጉዳይ ይህ ነው። በየትምህርት ቤቱ ድርሰት ይታዘዛል፣ ድርሰት ይጻፋል፣ ድርሰት ይታረማል። ጸሐፊው የሚቆምለት አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አብዛኛው ድርሰት ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ርዕስ ሌላ፣ አቋም ሌላ

አማርኛ የተማረ ሁሉ ኃይለ ቃልን ያውቃል። የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቀሩት መዘርዝሮች ናቸው። ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ እንዳለው፣ ከመጻፍ በፊት አስተዋጽኦ እንደሚነደፍም ተምረናል። ያልተማርነው፣ ወይም በግማሽ የተማርነው፣ አንቀጾቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዘውን ነው። በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ቴሲስ ስቴትመንት ይባላል። የቡሹሎው መምህር «የድርሰቱ አቋም» ይሉታል፤ እዚህም እንደሳቸው እንበለው።

አቋም ርዕስ አይደለም። «የሐዋሳ ሐይቅ» ርዕስ ነው፤ ስለ ምን እንደምንነጋገር ይነግረናል እንጂ ስለ እሱ ምን እንደምንል አይነግረንም። አቋም የታወቀ እውነትም አይደለም። «የሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል» የሚለው ትክክል ነው፤ ግን ማስረዳት የሚያስፈልገው ስላልሆነ ከሱ በኋላ ድርሰት አይቀጥልም። «በዚህ ድርሰት ስለ ሐይቁ ጥቅምና ጉዳት እጽፋለሁ» የሚለው ደግሞ ማስታወቂያ ነው። ጸሐፊው ሊሄድ ማሰቡን እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ የሚዘወተረው ግን አራተኛው ዓይነት ነው፤ «ማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም አለው»። ሚዛናዊ ይመስላል፤ ተማሪውንም ከማንም ጋር አያጣላውም። አመዛዛኝ ድርሰት ሲታዘዝ በየደብተሩ የሚገኘው ይኸው ነው። ጥቅሙን ሦስት፣ ጉዳቱን ሦስት ቆጥሮ ያበቃል። አመዛዝኖ ሲጨርስ የቱ እንደከበደ ያልተናገረ ተማሪ ግን ሥራውን በግማሽ ትቶታል። የቱ ነው የሚያይለው? ለማን? በምን ሁኔታ? ጽሑፉ የሚጀምረው እነዚህ ሲመለሱ ነው።

እርግጥ ሁሉም ጽሑፍ አቋም አይጠይቅም። አያቱ ቤት ያሳለፈውን ክረምት የሚተርክ ልጅ፣ የገበያ ቀን የሚሥል ልጅ፣ ክርክር እንዲገጥም አይገደድም። ማስረዳትና ማሳመን የሚፈልግ ጽሑፍ ግን ያለ አቋም አይሄድም። ጉዳዩም አዲስ አይደለም። አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ለአንድ ንግግር የግድ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸውን አስፍሯል፤ የሚሉትን መናገርና ያሉትን ማስረዳት። መግቢያውም መደምደሚያውም ለእሱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። እኛ ጋ ግን ተማሪው ስለ መግቢያው ቅርጽ ብዙ ሰምቶ፣ ስለሚለው ነገር ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል።

«የሚሉትን መናገርና ያሉትን ማስረዳት፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሠራ

ወደ ክፍሉ እንመለስ። «ሐይቁ ብዙ ጥቅም አለው» ያለችው ልጅ እንደ ገና እንድትሞክር ተጠየቀች። ሁለተኛው ሙከራዋ «የሐዋሳ ሐይቅ መበከል መቆም አለበት» የሚል ነበር። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ ነገር ይጠይቃል። ግን ሐይቁ ይበከል የሚል ሰው ማን አለ? መምህሩ «ምኑ ነው የሚበክለው? ከየት መጥቶ?» ሲሏት ቆም አለችና፣ «ቲቸር፣ ሰው ሁሉ ስለ ፕላስቲክ ነው የሚያወራው፤ እኛ ሰፈር ግን ክረምት ሐይቁ ቀይ የሚሆነው በአፈር ነው» አለች።

ይህ የሷ ነው። ከመጽሐፍ አልቀዳችውም፤ ከራሷ ሰፈር አይታ ያመጣችው ነው።

ሦስተኛው ሙከራ እንዲህ ሆነ፤ «ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ አፈሩ ሳይገባ መያዝ አለበት።» አሁን ክፍሉ ተነቃነቀ። ጂኦግራፊ የሚወድ አንድ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ እምቢ አለ። የገባው ሁሉ የሚቀር ቢሆን፣ ሐይቁ እንደ ሻላና እንደ አቢያታ ጨዋማ በሆነ ነበር፤ የሐዋሳ ግን ጨዋማ አይደለም አለ። ልጁ ልክ ነው። ጥቁር ውኃ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል፤ ከሐይቁ ግን ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ አይታይም። ያም ሆኖ ውኃው ጨው ያላበዛው ከትነቱ ሌላ ከመሬት በታች እየሰረገ የሚወጣ ስላለ ነው። ውኃው መውጫ አለው፤ አፈሩ ግን የለውም። ልጅቱ ዓረፍተ ነገሯን አልጣለችውም፤ አጠበበችው፤ «ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የገባ አፈር መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ሐይቁን ለማዳን ከዳር ፕላስቲክ ከመልቀም በፊት በላይኛው ተዳፋት እርከን መሥራት ይቅደም።»

ይህን እምቢ የሚል አለ? አለ እንጂ! በየቅዳሜው የሐይቁን ዳር ለማጽዳት የሚወጡ የትምህርት ቤቱ ክበብ ልጆች ጥረታቸው የተናቀ መስሏቸው ተቆጡ። አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነው ልጅ ደግሞ ሌላ አመጣ፤ ቆሮሶው ያነሰው በአፈሩ አይደለም፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ጫጩቱን እየሰበሰበ ስለሚያወጣው ነው አለ። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ድርሰት ተወለደ።

የልጅቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሌላም ሥራ ሠርቶላታል። የድርሰቷን አስተዋጽኦ በውስጡ ይዟል። መጀመሪያ አፈሩ ለምን እንደሚቀር ማስረዳት አለባት፤ ቀጥሎ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፤ ከዚያ ፕላስቲክ መልቀም ለምን እንደማይቀድም። ሦስተኛው ላይ የክበቡን ልጆች ቁጣ ካልመለሰች ድርሰቷ ይወድቃል። ከ«ሐይቁ ብዙ ጥቅም አለው» ግን እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል አይወጣም። ከዚያ የሚወጣው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ደግሞ የትም ቢቆረጥ ያው ነው።

በአፍ ያለ፣ በወረቀት የጠፋ

ኢትዮጵያዊ ተማሪ አቋም መያዝ አይችልም የሚል ሰው ትምህርት ቤት የክርክር ቀን ተገኝቶ አያውቅም። ከእሳትና ከውኃ፣ ከትምህርትና ከገንዘብ፣ ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይበልጣል በሚሉ ርዕሶች ስንት ትውልድ ተፋልሟል። እዚያ መድረክ ላይ «ሁለቱም ጥቅም አላቸው» ብሎ የሚወርድ የለም፤ ቢኖር ይጮኽበታል።

ከትምህርት ቤቱ በፊትም ሙግት ነበር። በበላ ልበልሃ ዘመን ከሳሽ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚለውን በአደባባይ፣ አጥርቶ፣ ብዙ ጊዜም በግጥም ይናገር ነበር። ባላጋራው ይመልሳል፤ ከዚያም ውርርድ ይመጣል። ተሟጋች ለቃሉ ማር ወይም በቅሎ ያስይዛል፤ ካላስረዳ ይከፍላል። የሚከፈልበት ቃል በዘፈቀደ አይነገርም። ተሟጋቹ ማስረዳት የሚችለውን ያህል ብቻ ይላል፤ ከዚያ ቢያሳንስ መብቱን ያጣል፤ ቢያስበልጥ በቅሎውን። የቡሹሎዋ ልጅ «የገባበት ሁሉ» ካለችው ወደ «የገባ አፈር» የወረደችው በዚሁ ሕግ ነው።

እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ደግሞ ሶንጎ አለ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጉዳይ ይሰማሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ እውነቱ እስኪወጣ ይመላለሱበታል። አፊኒ በሚባለው ሥርዓት የተነሣ ጉዳይ ሳይሰማና ሳይመረመር አይታለፍም። የእነዚህ ልጆች አያቶች ከዚያ ሸንጎ የመጡ ናቸው። ይህን ያዩ አንድ የአገር ሽማግሌ ስለ ትምህርት ቤት ድርሰት ሲነገራቸው የተናገሩት ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያሳየናል፤ «በእኛ ጊዜ ልጅ ሽማግሌ ፊት ይሰማል እንጂ ይህ ይሁን አይልም። አሁን አስተማሪው በል እያሉት ነው። ይበል፤ ግን ለምን እንዳለ ይናገር።»

ይህን ቸል ማለት አይገባም። በብዙ ቤት ልጅ አቋሙን ሲናገር ድፍረት ነው። ተማሪው «ውኃ ሕይወት ነው» ሲል ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ታላላቆቹን ማክበሩ ሊሆን ይችላል። አስተማሪ ማንበቡ አይቀርም፤ አስተማሪ ታላቅ ነው፤ ታላቅ የማይቃወመውን መጻፍ ደኅና ነው። ሽማግሌው ያሉት መፍትሔውንም ይዟል። ለምን እንዳለ የሚናገር ልጅ ደፋር አይባልም። አቋም ምክንያቱን አስከትሎ ሲመጣ ክብር አይነካም።

የማጥቆር ዘመን

ከድፍረቱ ፍርሃት ይልቅ የበደለን ግን ፈተናው ይመስለኛል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሠራው በምርጫ ነው። ተማሪው ከኤ እስከ ዲ ካሉት አንዱን ይመርጣል፤ በወረቀት ከሆነ ያጠቁራል፤ ማሽን ያርመዋል። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ የሚጠይቀው የለም። አማርኛ ከነጭራሹ ከፈተናው ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ እንግሊዝኛውም ቢሆን ምርጫ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጥቶ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ ተባለ። ልጆቹ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ የራሳቸውን ሐሳብ ጽፈው አስረድተዋል የሚለው ግን የዚያን ያህል አልተነሣም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተናም በምርጫ የሚሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት አንድም የጸና ድርሰት ሳይጽፍ ዲግሪ ሊጭን ይችላል።

ማሽን የሚያርመው ፈተና ለብዙ መቶ ሺህ ተማሪ የሚያመች መሆኑን አልክድም፤ ፍርዱም ሰው አይለይም። ችግሩ፣ የማይፈተን ነገር መማሩ መቅረቱ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ «ድርሰት ዘጠኝ ነጥብ ናት፤ ቾይዝ ግን ዩኒቨርሲቲ ያስገባል» ስትል ስሌቷ ትክክል ነው። ስሌቱን የሠራላት ሥርዓቱ ነው።

ቋንቋውም አለ። የቡሹሎ ልጅ ቤቱ ሲዳምኛ ይናገራል፤ ከተማ ሲወጣ አማርኛ፤ ክፍሉ ከፍ ሲል መጽሐፉ ከሞላ ጎደል ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። በሦስቱም የመሟገት ዕድል ቢያገኝ ሀብት ነበር። አሁን ግን በየቋንቋው ፊደሉንና ሰዋስዉን ጀምሮ፣ በየትኛውም ሐሳቡን እስከ ዳር ሳያደርስ ይሻገራል።

የቆሙ ጽሑፎች

አቋም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ከትምህርት ቤት ደብተር ወጣ ብለን የራሳችንን የጽሑፍ ታሪክ እንይ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ፣ ሳይታተም በወጣትነቱ አረፈ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ብዙ ጉዳይ ያነሣል፤ የሚመላለስበት አቋም ግን ግልጽ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ይጎዳል፤ ምክንያቱም የባለ ዕውቀቱ የአጭር ጊዜ ሥራ በዕውቀት የለሹ የብዙ ቀን ድካም ይለወጣል ነው የሚለው። ይህ በጊዜው እምቢ ሊባል የሚችል፣ ዛሬም የኢኮኖሚ ሊቃውንት የሚከራከሩበት ሐሳብ ነው። ከአዲስ አበባ ገበያ የሚወጣውን ቆዳና ቡና፣ የሚገባውን ጨርቅና ዕቃ ያየ ሁሉ ንግዱን ያውቀው ነበር። ገብረ ሕይወት ያደረገው ሁሉ ከሚያየው ነገር ላይ ማንም ያልተናገረውን አንድ አቋም ማውጣቱና መጽሐፉን በሱ ላይ ማቆሙ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የተማሪ ጽሑፍ ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የተባለ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢትዮጵያ ስላለው የብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ የጻፈው ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ወጣ። ጥቂት ገጽ ናት። ኢትዮጵያ የብዙ ብሔረሰቦች አገር እንጂ ገና አንድ ብሔር አይደለችም፤ እውነተኛ አገራዊ መንግሥት የሚቆመው ሁሉም በእኩልነት ሲሳተፉበት ነው የሚል አቋም ነበራት። ጽሑፏን የሚያወድሱ አሉ፤ ለአገሪቱ ችግር ሁሉ መነሻ የሚያደርጓትም አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እዚህ ልፈርድባት አልፈልግም። የማነሣት አንድ ነገር ስላላት ነው። የሚወዳትም የሚጠላትም ምን እንዳለች በአንድ ትንፋሽ መናገር ይችላል። በሷ ዘመን በዚያው ግቢ ስለ አገር አንድነትና ልማት የተጻፉ፣ ማንንም ያላስቆጡ ስንት ድርሰቶች ነበሩ? ማን ያስታውሳቸዋል? ጽሑፏ ከወጣች ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ የሐዋሳና የሲዳማ ሕዝብ በራሱ ክልል ጉዳይ ድምፅ ለመስጠት ተሰልፏል። በተማሪ እጅ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህም ነው አቋም ያለው ማስረጃውን ጠንቅቆ እንዲያቀርብ፣ የሚቃወመውንም እንዲሰማ በለጋነቱ መማር ያለበት።

«የሚወዳትም የሚጠላትም ምን እንዳለች በአንድ ትንፋሽ መናገር ይችላል።»

ሦስት መቶ ደብተር

ይህን ሁሉ ለመምህራን ሲያወሩላቸው የሚመልሱት መልስ አላቸው፤ እሱም በስሌት ነው። አንድ የቋንቋ መምህር አምስት ክፍል ቢይዝ፣ በየክፍሉ ስልሳ ተማሪ ቢኖር፣ አንድ ድርሰት ሲያዝ ሦስት መቶ ደብተር ይመጣለታል። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ሃያ አምስት ሰዓት ነው። ማን ይችላል? ስለዚህ ድርሰት በሴሚስተር አንዴ ይታዘዛል፤ ሲታረምም የሚታየው የእጅ ጽሑፍ ንጽሕናና የገጽ ብዛት ይሆናል።

የቡሹሎው መምህር ያገኙት መላ ቀላል ነው። ድርሰቱን አይሰበስቡም፤ ዓረፍተ ነገሩን ነው የሚሰበስቡት። ተማሪው ከደብተሩ በተቀደደች ወረቀት ላይ አቋሙን ብቻ ጽፎ ያስረክባል። ሃያ ሴኮንድ ለአንዱ ቢበቃ፣ ሦስት መቶው በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያልቃል። በወረቀቷ ጠርዝ ላይ ከሁለት ምልክት አንዱን ያደርጋሉ። «እምቢ የሚል የለም» ከሆነ ክብ፤ «ምን ያስረዳል?» ከሆነ የጥያቄ ምልክት። ክብ ያገኘ ልጅ እንደ ገና ያስባል፤ ጥያቄ ምልክት ያገኘ ማስረጃ ይፈልጋል። ሙሉው ድርሰት የሚጻፈው ሁለቱንም ያለፈ ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ነው። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የድርሰት ማስተማሪያ ዘዴዎች ይህን ያህል በትንሽ ድካም ብዙ የሚያመጣ አላየሁም።

ልጆቹ ወደ አቋም የሚደርሱበትን መንገድም ተምረዋል። ርዕሱን መጀመሪያ ጥያቄ ያደርጉታል፤ «ሐይቁን ለማዳን ምን ይቅደም?» ከዚያ መልሱን በአፍ፣ ለአጠገባቸው ልጅ፣ በፈለጉት ቋንቋ ይናገራሉ። ብዙው በሲዳምኛ ነው የሚነገረው፤ መምህሩ ይህን አይከለክሉም። አጠገባቸው ያለው ልጅ ሥራው «ለምን?» እያለ መጠየቅ ነው። ምክንያቱ ሲገኝ ሁለቱ ተያይዘው ይጻፋሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። የእኛ ዓረፍተ ነገር ምክንያቱን ያስቀድማል፣ ውሳኔውን መጨረሻ ላይ በግሥ ያሳርፋል። ጸሐፊው «ስለ» እና «በመሆኑም» እየደራረበ ከሄደ አንባቢው ውሳኔው ጋ ሳይደርስ ይደክማል። የአራት መስመር አቋም ተጽፎ መጨረሻው ላይ ግሡ ጠፍቶ ያየ መምህር ብዙ ነው። ለሁለት መክፈል ምንም ነውር የለውም፤ ምክንያቱ በአንዱ፣ ውሳኔው በሌላው። የልጅቱም ዓረፍተ ነገር የጠራው መካከሉ ላይ ድርብ ሰረዝ ሲገባበትና «መውጫ የለውም» ብሎ ሲያርፍ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ በተቃራኒው ውሳኔውን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። ከአማርኛ በቀጥታ የሚገለብጥ ተማሪ አቋሙ መጨረሻ ላይ ተቀብሮ ይቀርበታል። ይህን ሁለቱም መምህራን፣ የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም፣ አንድ ላይ ሆነው ቢያሳዩት ልጁ በአንድ ትምህርት ሁለት ቋንቋ ያተርፋል። የሚያሳዝነው፣ በብዙ ትምህርት ቤት ሁለቱ መምህራን ስለ ድርሰት ተነጋግረው አለማወቃቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ አቋም መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ መጀመሪያ ላይ አይጨረስም። ጽሑፉ ሲጻፍ ሐሳቡ ይለወጣል። ስለ እርከን መጻፍ የጀመረች ልጅ መሀል ላይ ስትደርስ እርከን የሚሠራው የማን መሬት ላይ ነው የሚለው ሊገጥማት ይችላል። ያኔ ተመልሳ መግቢያዋን ማስተካከል አለባት። ብዙ ተማሪ ግን መግቢያው አንዴ በእስክሪብቶ ከተጻፈ አይነካም ብሎ ስለሚያምን፣ ጽሑፉ አንድ ነገር እያለ መግቢያው ሌላ ሲናገር ይገኛል።

ከክፍሉ ወዲያ

እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ነገሩ በድንገት ይመጣባቸዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ የሎጂክና የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት ኮርሶች አሉ። እዚያ ክርክር ምንድን ነው፣ መነሻ ሐሳብ ከመደምደሚያ በምን ይለያል የሚለውን ይማራሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር እንደሚሉት ተማሪዎቹ የስሕተት ዓይነቶችን ስም በቃላቸው ያጠናሉ፤ «የራስህን አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ሲባሉ ግን ወረቀቱን ይዘው ይቀመጣሉ። ውጭ አገር ለመማር የሚያስብ ደግሞ ከአይልትስ ጋር ይፋጠጣል። የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል በአርባ ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 250 ቃል ያለው ድርሰት ይጠይቃል፤ ከአራሚው መመዘኛዎች አንዱም የጸሐፊው አቋም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግልጽ መሆኑ ነው። ለዚህ ዝግጅት ተብሎ በከተማው የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። በነፃ፣ በዘጠነኛ ክፍል፣ በአማርኛ ሊገኝ የሚችል ነገር ነበር።

ስልክ ያለው ተማሪ አሁን ሌላ መንገድ አግኝቷል። ርዕሱን ለማሽን ይሰጠዋል፤ በቅጽበት የተዋበ ድርሰት ይመጣለታል። መምህራኑ ይህን የሚያውቁት ማሽኑ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ያለው ሁሉ የሐዋሳ ያልሆነን ሐይቅም ስለሚገልጽ ነው። ክረምት ውኃው ቀይ እንደሚሆን የተናገረችው ልጅ ዓረፍተ ነገር እዚያ አይገኝም።

ስንት ከአሥር?

ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሁን ያለው ክርክር ስለ ነጥብ ነው። የአማርኛው መምህር ድርሰት ከአሥር ሲታረም ሦስቱ ለአቋሙ ይሁን ይላሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ይቃወማሉ፤ «ስድስት ዓመት የተማረው ልጅ ነጥብና ሰረዝ አያውቅም፤ መጀመሪያ ሰዋስዉን ይወቅ፤ ሐሳቡ ይደርሳል።» ሌላው የሚያነሡት ደግሞ ከባድ ነው፤ ነጥብ ለአቋም ከተሰጠ ተማሪው መምህሩ የሚወደውን አቋም አጥንቶ ይጽፋል፤ ከድሮው የባሰ ማስመሰል ይመጣል።

የመጀመሪያው ሥጋት አያሳምነኝም። ሰዋስው የሚጠራው የሚናገረው ባለው ልጅ እጅ ነው። ሐሳቡ እስኪደርስ የሚጠብቅ ልጅ በሰረዝ የተዋበ «ውኃ ሕይወት ነው» ይዞ ይመረቃል። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ሥጋት ነው። መምህሩ ያቀረቡት መልስ ነጥቡን በሦስት መክፈል ነው። አንድ ነጥብ እምቢ ሊባል ለሚችል ዓረፍተ ነገር፤ አንድ ነጥብ ማስረዳት ለሚቻለው ያህል ለተለካ፤ አንድ ነጥብ ደግሞ ተቃዋሚው ለሚለው በድርሰቱ ውስጥ መልስ ለሰጠ። ከሦስቱ አንዱም መምህሩ ይስማማሉ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የጠባብ መረቡን ድርሰት የጻፈው የዓሣ አስጋሪው ልጅ በዚህ ሚዛን ሦስቱንም አግኝቷል፤ መምህሩ ግን እስካሁን ጥፋቱ ከመረቡ ይልቅ የአፈሩ ነው ብለው ያምናሉ፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ጉዳዩ በቋንቋ ክፍሉ ስብሰባ ቀርቦ ገና አልተወሰነም።